አንድ ደንበኛ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፦ የሩሲያ የከተማ ፕላን ትምህርት ከቭኹቴማስ እስከ ስትሬልካ

ሞስኮ መሃል፣ ወንዝ ዳር፣ ቀይ የጡብ ሕንፃ አለ። ድሮ የቸኮሌት ፋብሪካ ነበር። «ቀይ ኦክቶበር» ይባላል። ማሽኖቹ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወሩ በኋላ ግቢው ባዶውን ቀረ። በ2010 እዚያ አንድ ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ስሙ ስትሬልካ ነው። ግቢው ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ሰፊ የደረጃ መቀመጫ ነበረው። ሞቃቱ ወቅት ሲመጣ፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ያልሆነ ሰው ሁሉ አመሻሽ ላይ ገብቶ ይቀመጥና ስለ ከተማ የሚሰጠውን ትምህርት በነፃ ያዳምጥ ነበር።

በማርች 2022፣ የሩሲያ ጦር ዩክሬን በገባ በቀናት ውስጥ፣ ስትሬልካ ሥራውን አቆመ። በዩክሬን የሰው መሞት እስኪያበቃ ድረስ አንቀጥልም ብሎ አስታወቀ። ትምህርቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አስራ ሁለት ዓመት ኖረ ማለት ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ታላቁ ትምህርት ቤት ቭኹቴማስ ነው። በ1920 ተከፍቶ በ1930 ተዘጋ። አስር ዓመት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ከተማና ስለ ሕንፃ የተማረ ሰው የትም አገር ቢሆን የሁለቱንም ስም ያውቃል። ሁለቱም ግን ልጅ ተወልዶ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ እንኳን አልቆዩም። ለምን?

እንደ እኔ ከሆነ መልሱ ያለው ከትምህርት ቤቶቹ ውጪ ነው። ሩሲያ ውስጥ ከተማን በትልቁ የሚያሠራው አንድ ደንበኛ ነው፤ እሱም መንግሥት ነው። ዛሬ የግል አልሚዎች ቢበዙም፣ መሬቱን የሚሰጠው፣ ፈቃዱን የሚፈርመው፣ ትልቁን ጨረታ የሚያወጣው ያው ነው። ደንበኛው ሲፈልግህ ከመሬት ተነስተህ ሰማይ ትደርሳለህ። ሲተውህ ደግሞ የምትሄድበት ሌላ በር የለም። ይህ ነገር ዛሬም ያላለቀ ስለሆነ ነው መጻፍ የፈለግኩት። ሞስኮ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ከቤቱ እየተነሳ ነው። በጦርነት የፈረሰች የሌላ አገር ከተማ ደግሞ በሩሲያ ማስተር ፕላን እየተሠራች ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ባለሙያዎች የሆነ ቦታ ተምረው የወጡ ናቸው።

ጥቁሩ ክፍል

ቭኹቴማስ ረጅም ስም ሲያጥር የወጣ ቃል ነው። «ከፍተኛ የጥበብና የቴክኒክ ወርክሾፖች» እንደማለት ነው። ሌኒን ያቋቋመበትን ድንጋጌ የፈረመው በ1920 ማብቂያ ነው። አገሪቱ ገና ከእርስ በርስ ጦርነት አልወጣችም። ዳቦ በራሽን ነው፣ ማገዶ የለም። በዚያ ሰዓት ሠዓሊውን፣ አናጢውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ጨርቅ የሚያትመውንና አርክቴክቱን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪው 2,500 ያህል ነበር። ብዙዎቹ የሠራተኛና የገበሬ ልጆች ናቸው።

በጣም የምወደው ታሪክ የሌኒን ጉብኝት ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1921 ማታ ከባለቤቱ ከክሩፕስካያ ጋር ወደ ተማሪዎቹ ማደሪያ ሄደ። ምን ታነባላችሁ፣ ፑሽኪንን ታነባላችሁ? ብሎ ጠየቃቸው። ልጆቹ ፑሽኪን ቡርዧ ነው፣ እኛ ገጣሚውን ማያኮቭስኪን ነው የምናነበው አሉት። እኔ ፑሽኪን ይሻላል እላለሁ አላቸው። እኛ ኢትዮጵያውያን በቅድመ አያቱ በኩል የኛ ነው የምንለው፣ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የሰየምንለት ፑሽኪን ማለት ነው። የአገሩን መሪ ፊት ለፊት አይ የሚሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከአስር ዓመት በኋላ እንዲህ የሚናገር ተማሪ አይገኝም።

የሥነ ሕንፃው ትምህርት አባት ኒኮላይ ላዶቭስኪ ነው። ከእሱ በፊት አርክቴክት የሚሆን ልጅ ዓመታት የሚያሳልፈው የግሪክና የሮም ዓምድ እየገለበጠ ነው። ወረቀት፣ ቀለም፣ ማስመሪያ። ላዶቭስኪ ወረቀቱን አስቀመጠና ሸክላ አፈር ሰጣቸው። የሚሰጠው ጥያቄም የተለየ ነው። ቤት ሥሩ አይልም። ክብደትን አሳዩኝ ይላል። ወይም ይህ ነገር ጸንቶ እንደቆመ ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን አድርጉ ይላል። ተማሪው አፈሩን ይዞ ይጨነቃል። ያፈርሳል፣ ይሠራል፣ እንደገና ያፈርሳል። ላዶቭስኪ የአርክቴክት ዕቃው ድንጋይ ሳይሆን ክፍት ቦታ ነው ይል ነበር። ድንጋዩ ያንን ቦታ ለመያዝ የሚያገለግል ነገር ነው።

በ1927 ደግሞ አንድ ላቦራቶሪ ከፈተ። ክፍሉ ግድግዳው ጥቁር የተቀባ ነው። ውስጡ በእጅ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ዓይንን ይለካሉ። አንዱ ርዝመትን በዓይን ብቻ የመገመት ችሎታን ይለካል፣ አንዱ የገጽ ስፋትን፣ አንዱ መጠንን፣ አንዱ ማዕዘንን። ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያስገምትም አለ። ተማሪው በመሣሪያው ያያል፣ ይገምታል፣ ከዚያ በእውነተኛው ልክ ይታረማል።

ይህ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን ከበስተጀርባው ትልቅ ሐሳብ አለ። ሰው ከሥራ ደክሞ ሲወጣ ሕንፃውን ለማንበብ፣ መግቢያውን ለመፈለግ፣ የት እንዳለ ለማወቅ ጉልበት ያወጣል። አርክቴክቱ ያንን ጉልበት ሊቆጥብለት ይገባል ነው የላዶቭስኪ ክርክር። ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ፍለጋ ከኮሪደር ኮሪደር የተንከራተተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሕንፃ ሰው አእምሮ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ትምህርት ቤት ውስጥ በመሣሪያ ለመመርመር ከተነሱት የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ ዓይኑን ወደ ከተማ አዞረ። ሞስኮ እንደ ዛፍ ግንድ በቀለበት ላይ ቀለበት እየጨመረች ያደገች ከተማ ናት። መሃሉ ክሬምሊን ነው። ቀጥሎ የቡሌቫርዱ ቀለበት፣ ቀጥሎ የአትክልት ቀለበት የሚባለው መንገድ። ላዶቭስኪ በ1930 እንዲህ አለ፦ መሃሉ በሁሉም በኩል ከተከበበ ማደግ አይችልም፣ ይታፈናል። ስለዚህ ቀለበቱን በአንድ በኩል ክፈቱት። ከተማዋ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ትከፈትና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) አቅጣጫ ትዘርጋ። መሃሉም አብሯት ይርዘም። ይህን ሥዕል ፓራቦላ ብሎ ጠራው።

ሰሚ አላገኘም። በ1935 የወጣው የሞስኮ ማስተር ፕላን ቀለበቶቹን ይዞ ቀጠለ። ከዚያም የከተማዋ ዳርቻ አውራ ቀለበት መጣ፣ ሦስተኛው ቀለበት መጣ። የሞስኮን የመኪና መጨናነቅ ያየ ሰው የላዶቭስኪን ሥዕል ቢያይ ያዝናል። በጁላይ 2012 ከተማዋ ወሰኗን ሰብራ በአንድ በኩል ብቻ ተዘረጋች፣ ስፋቷም ከእጥፍ በላይ ሆነ። አቅጣጫው ግን እሱ ያለው አልነበረም፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነበር።

ቭኹቴማስ በ1930 ተበተነ። አርክቴክቶቹ ወደ አንድ ተቋም፣ ሠዓሊዎቹ ወደ ሌላ፣ አታሚዎቹ ወደ ሌላ ተላኩ። አገሪቱ ፋብሪካና የፋብሪካ ከተማ በጥድፊያ እየሠራች ነበር። ለጥቁር ክፍል ጊዜ የለም፤ በወራት ውስጥ መሐንዲስ ነው የሚፈለገው። በ1932 የጥበብ ማኅበራት ሁሉ ፈርሰው ለየዘርፉ በተቋቋመ አንድ የመንግሥት ማኅበር ሥር ገቡ። ከተማን በትኖ ሰውን በመንገድ ዳር በተፈጥሮ መሃል ማኖር ይሻላል ብሎ የተከራከረው የሶሲዮሎጂ ሰው ሚካኢል ኦኺቶቪች በ1935 ታሰረ፣ በ1937 ተገደለ።

ላዶቭስኪ አልታሰረም። ግን ሥራ አጣ። ከእጁ የወጡት ሕንፃዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ በ1935 የተከፈተው የክራስኒዬ ቮሮታ የሜትሮ መግቢያ ነው። ዛሬም አለ። ቅስት ውስጥ ቅስት፣ ቅስት ውስጥ ቅስት እየሆነ እየጠበበ ይገባል። ፊቱ ስትቆም ዓይንህ ሳታዘው ወደ ውስጥ ይሳባል። መግቢያው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ያ ሁሉ የጥቁር ክፍል ምርምር እዚያች ትንሽ በር ላይ ቁጭ ብሏል። ላዶቭስኪ በ1941 ሞተ።

አምስት ፎቅ፣ ያለ ሊፍት

በስታሊን ዘመን ትምህርቱ ወደ ዓምድና ወደ ጌጥ ተመለሰ። ይህን ዘመን በፍጥነት ልለፈው። ሕንፃዎቹ ያማሩ ናቸው፤ ግን የሚኖርባቸው ጥቂት ሰው ነበር። የቀረው ሕዝብ የሚኖረው «ኮሙናልካ» በሚባለው ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ክፍል፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ።

በዲሴምበር 1954 የአገሪቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ ግንበኞችንና አርክቴክቶችን ሰብስቦ ጌጡን ተዉት አላቸው። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ትርፍ ጌጥን የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ። መሐንዲሱ ቪታሊ ላጉቴንኮ ኬ-7 የተባለውን ተገጣጣሚ ቤት ሠራ። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ይመረታል፣ በመኪና ይመጣል፣ በክሬን ይገጠማል። አምስት ፎቅ የሆነው ያለ ሊፍት ሰው ሊወጣው የሚችለው ያን ያህል ነው ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የኖረ ሰው ይህን ስሌት በእግሩ ያውቀዋል።

ቤቱ ጠባብ ነው። ጣሪያው 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወጥ ቤቱ ከአምስት ስድስት ካሬ ሜትር አይበልጥም። ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ሳስቶ ቁም ሳጥን ተበጅቶበታል። በክረምት የውጪው ብርድ ስለሚገባው ፍሪጅ ይሆናል፤ ድስቱ፣ ቅቤው፣ የተቀቀለው ድንች እዚያ ይቀመጣል። በወጥ ቤቱና በመታጠቢያው መሃል ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ትንሽ መስኮት አለ፤ የቀን ብርሃን ከወጥ ቤቱ ወደ መታጠቢያው ይሻገራል። ይህን ቤት ማንቋሸሽ አልወድም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ የከፈተው እዚህ ነው።

ቤቶቹ ግን ዝም ብለው አልተደረደሩም። «ማይክሮራዮን» የሚባል ሐሳብ አለ። ሰፈር እንደማለት ነው፤ ግን ልክ ያለው ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩ ሁሉ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ይሆናሉ። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ዋና የመኪና መንገድ መሻገር የለበትም። ትምህርት ቤቱ ከ500 ሜትር ገደማ መራቅ የለበትም። ሕንፃዎቹ መሃል ዛፍና የልጆች መጫወቻ ያለው ግቢ ይኖራል። ደቡብ ምዕራብ ሞስኮ ያለችው ኖቪዬ ቼርዮሙሽኪ በ1950ዎቹ ማብቂያ የዚህ መሞከሪያ ነበረች። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን ሰፈሮች ያውቋቸዋል። አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ግን ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ዛፉ ትልቅ ነው።

ዛሬ በየአገሩ «የ15 ደቂቃ ከተማ» እየተባለ የሚወራው ነገር በብዛት የተሠራው እዚህ ነው። ችግሩ አንድ ነው። ደንበኛው አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ ሆነ። ለሳይቤሪያ ብርድም፣ ለታሽከንት ሙቀትም የተላከው ሕንፃ ተመሳሳይ ዘር ነው። አርክቴክቱ ከፋብሪካው ዝርዝር መርጦ የሚያስቀምጥ ሰው ሆነ።

ስትሬልካ ምን አመጣ?

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የከተማ ፕላን ትምህርት ተኛ። በ2010 አካባቢ በአንድ ጊዜ ነቃ። በ2011 አሌክሳንደር ቪሶኮቭስኪ ከፍተኛ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በሚባለው የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር የከተማ ጥናት ትምህርት ክፍል አቋቋመ። በ2012 ዬቭጌኒ አሴና ኒኪታ ቶካሬቭ ማርሽ የተባለውን የግል የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ግን ስትሬልካ ነው።

ገንዘቡ መጀመሪያ ላይ የመጣው ከግል ባለሀብቶች ነው፤ አሌክሳንደር ማሙት አንዱ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው። እንዲያውም ተማሪው የኪስ ገንዘብ ይቀበላል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት የመራው ሆላንዳዊው አርክቴክት ሬም ኮልሃስ ነው። ተማሪው ሕንፃ አይነድፍም፤ ይመረምራል። ሰው ከመኖሪያው እስከ ሥራው እንዴት ይሄዳል? ግቢው ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው? ገጠሩ ለምን ባዶ ሆነ? አርክቴክት ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ጋዜጠኛም፣ ኢኮኖሚስትም፣ ፕሮግራመርም ይገባል። ላዶቭስኪ ዓይንን እንደለካ እነዚህ ደግሞ የከተማን ኑሮ ሊለኩ ሞከሩ።

ጊዜው የሞስኮ ባለሥልጣናት መንገድና ፓርክ ማስዋብ የጀመሩበት ነው። በ2011 ጎርኪ ፓርክ ታደሰ፤ የመግቢያ ክፍያው ቀረ፣ ሰው ሣሩ ላይ መተኛት ጀመረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ የወጣው ሕዝብ የቦሎትናያ አደባባይን ሞላው። አደባባዩ ከስትሬልካ ግቢ በእግር ደቂቃዎች ነው። ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዙ ብዙ ናቸው። መንግሥት ለወጣቱ በመምረጥ መብት ፋንታ ፓርክ ሰጠው ይላሉ። እኔ ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ ነበር አልልም። ባለሙያዎቹ ከልባቸው ነበር የሚሠሩት። ግን ደንበኛው የሚገዛው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በ2013 ከትምህርት ቤቱ ጎን ኬ-ቤ ስትሬልካ የተባለ አማካሪ ቢሮ ተከፈተ። እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። የዛሪያድዬ ፓርክን ዓለም አቀፍ ውድድር አዘጋጀ፤ ፓርኩ በ2017 ክሬምሊን አጠገብ ተከፈተ። ከ2015 ጀምሮ የሞስኮ ከተማ «የኔ ጎዳና» ብሎ ለጠራው ትልቅ ሥራ የንድፍ መመሪያ አወጣ። የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ ሽቦዎቹ መሬት ውስጥ ገቡ፣ ዛፍ ተተከለ። ያየው ሰው ሁሉ ከተማዋ እንዳማረች ይመሰክራል። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2016 በአንድ ሌሊት መቶ ገደማ ሱቆች በግሬደር ፈረሱ። ከእነሱ መካከል የባለቤትነት ወረቀት የነበራቸው አሉ። ጠዋት ሰው ሲነሳ ትናንት አበባ የገዛበት ሱቅ ፍርስራሽ ነው። ይህን የወሰነው ስትሬልካ አልነበረም፤ የከተማው አስተዳደር ነው። ግን ያማረው ጎዳናና ያ ሌሊት የአንድ ደንበኛ ሥራ ናቸው።

ቢሮው በኋላም ከመንግሥት የቤቶች ልማት ተቋም ጋር ሆኖ ለመላ አገሪቱ የሰፈር አሠራር መመሪያ አዘጋጀ። ጥሩ መመሪያ ነው። ሕንፃ መካከለኛ ከፍታ ይኑረው፣ ምድር ቤቱ ለሱቅ ይሁን፣ ግቢው ከመኪና ይጠበቅ ይላል። ከልብ የተደከመበት ነው። መሬት ላይ የተሠራው ግን ሌላ ነው።

የሰው ጉንዳን ቤት

ሩሲያውያን «ቼሎቬይኒክ» የሚል ቃል አላቸው። ሰውና ጉንዳን ቤት የሚሉትን ቃላት አጣምረው የፈጠሩት ነው። ከ20 ፎቅ በላይ የሆኑ፣ ጎን ለጎን የተጠጋጉ፣ መስኮታቸው የማይቆጠር ሕንፃዎችን ይሉበታል። ከሴንት ፒተርስበርግ ዳር ያለችውን ኩድሮቮ ማየት ይበቃል። እዚያ 25 ፎቅ ያለው፣ 35 መግቢያ ያለው፣ ከ3,700 በላይ ቤቶችን የያዘ አንድ ሕንፃ አለ። አንድ ሕንፃ ነው። የአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ ይኖርበታል።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት ብዙም አያስቸግርም። መንግሥት በኤፕሪል 2020 የቤት ብድርን ወለድ ደግፎ ከ6.5 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። ሰው ተሯሯጠ። ዋጋው ሲንር ደግሞ ቤቱ ጠበበ፤ 20 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ስቱዲዮ በብዛት ተሸጠ። አልሚው በአንድ መሬት ላይ ብዙ በር ባወጣ ቁጥር ያተርፋል። ድጋፉ ለሁሉም ክፍት የነበረው እስከ ጁላይ 2024 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ 21 በመቶ ደረሰ። ሰፈሮቹ ግን ተሠርተዋል። የክሩሽቾቭ ዘመን ዕቅድ አውጪ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ነበር ካርታው ላይ የሚያስቀምጠው። በእነዚህ ሰፈሮች ሰው ከገባ በኋላ ነው ልጆች የት ይማሩ የሚባለው።

ሞስኮ ውስጥ ደግሞ በዚያው ጊዜ አምስት ፎቆቹ እየፈረሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2017 ከንቲባው ሰርጌይ ሶብያኒን ጉዳዩን ለፑቲን አቀረበ። ፑቲን አፍርሱ አለ። በጁላይ 1 ሕጉ ተፈረመ። ከ5,100 በላይ ሕንፃዎች፣ 350,000 ቤቶች፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነዋሪዎች። ማብቂያው 2032 ነው። ተነሺው እዚያው አካባቢ ከቀድሞው ያላነሰ ስፋትና ያንኑ ያህል ክፍል ያለው ምትክ ቤት ያገኛል። ነዋሪዎች ድምፅ ሰጡ፤ ሕንፃው የሚገባው ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ነው። በሜይ 14 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። ሰልፉ ጠቅሟል፤ የሕጉ ረቂቅ ላይ ለነዋሪው የሚያደሉ ነገሮች ተጨመሩ።

ብዙ ሰው በአዲሱ ቤቱ ደስተኛ ነው። ሊፍት አለው፣ ወጥ ቤቱ ይሰፋል፣ ቧንቧው አያንጠባጥብም። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት አምስት ፎቅ መውጣቷ ቀረ። ይህን የሚክድ ሰው እነዚያን ደረጃዎች ወጥቶ አያውቅም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። አምስት ፎቆቹ መሃል የነበረው ግቢ ስድሳ ዓመት የኖሩ ዛፎች ነበሩት። የሕንፃው ቁመትና የዛፉ ቁመት እኩል ሆኖ ነበር። አሁን በቦታው የሚመጣው ከ20 ፎቅ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው መሬት ላይ ያለው ሰውም በእጥፍ ይበዛል። በዲሴምበር 2020 ደግሞ ተመሳሳይ አሠራር ወደ መላ አገሪቱ የሚያሰፋ ሕግ ወጣ።

የትምህርት ቤቶቹ ሰዎች ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም አላሉም። ጻፉ፣ አስተማሩ፣ ሌላ መንገድ አሳዩ። አሮጌውን ሰፈር ሳያፈርሱ ማደስ ይቻላል አሉ። የወሰነው ግን ሌላ ነው።

ማሪዮፖል

በፌብሩዋሪ 2022 ማብቂያ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩሲያ አርክቴክቶችና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ጦርነቱን የሚቃወም ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። የፈረሙት ስማቸውን ጽፈው ነው። ቀጥሎ ብዙዎቹ አገር ለቀቁ። ከውጭ የሚመጡ መምህራን መምጣታቸውን አቆሙ። ስትሬልካ ተዘጋ። አማካሪ ቢሮው ግን ሥራውን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአዞቭ ባሕር ወደብ የሆነችው ማሪዮፖል ተከበበች። ከጦርነቱ በፊት ከ400,000 በላይ ሰው የሚኖርባት የዩክሬን ከተማ ነበረች። ማርች 16 ሰዎች የተጠለሉበት ቲያትር ቤት በአየር ተመታ። አብዛኛው የመኖሪያ ሕንፃ ተጎዳ ወይም ፈረሰ። ወዲያው በሩሲያ የኮንስትራክሽን ሚኒስቴር ሥር ያለ የፕላን ተቋም እስከ 2035 የሚዘልቅ ማስተር ፕላን አዘጋጀላት። አዳዲስ ፎቆች ተሠሩ፣ ቴሌቪዥን አሳያቸው። መሃል ከተማ ቤታቸው የፈረሰባቸው ነዋሪዎች ግን በቦታው የተነሳው አዲስ ሕንፃ በባንክ ብድር ለሽያጭ ሲወጣ አይተዋል። ያ ቤት የእነሱ ነበር።

ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ማስተር ፕላን መሥራት የሚችል ሰው ያለ ትምህርት አይገኝም። የእግረኛ መንገድ ስፋት፣ የትምህርት ቤት ርቀት፣ የግቢ ጥላ፣ ይህን ሁሉ ያወቀው ክፍል ውስጥ ነው። ያው እውቀት ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ማንም ሳይጠይቀው አዲስ ከተማ ለመሳል ያገለግላል። ከተማው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሳይጠይቁ የተሳለ ፕላን ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ሙያው ያስተማረውን ይክዳል።

ከስትሬልካ የወጡት ዛሬ በየአገሩ ተበትነዋል። ትብሊሲ ያሉ አሉ፣ በርሊን ያሉ አሉ፣ አልማቲ ያሉ አሉ። ሞስኮ የቀሩም ብዙ ናቸው። መሄድ ያልቻለውንም መሄድ ያልፈለገውንም እኩል ልፈርድበት አልችልም፤ ወላጅ ያለው አለ፣ ገና መንገዱን ያልጨረሰ ሰፈር በእጁ ያለ አለ።

ሞስኮ፣ ሮዥዴስትቬንካ መንገድ ቁጥር 11 አሮጌ ሕንፃ አለ። ድሮ ቭኹቴማስ ያስተምርበት ነበር። ዛሬ የሞስኮ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እዚያ ከላዶቭስኪ ኮርስ የተወረሰ ትምህርት ይማራሉ። ሸክላው በነጭ ወረቀት ተተክቷል። ልጆቹ በምላጭ ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ፣ ያጣብቃሉ፤ ጣታቸው በሙጫ ይደርቃል። የሚሰጣቸው ጥያቄ ዛሬም ቤት ሥሩ አይልም። ሰው እዚህ ቦታ ሲገባ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ሳይነገረው እንዲያውቅ አድርጉ ይላል። ተማሪው ወረቀቱን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዞረዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠባቧ ክፍተት ወደ ውስጥ ያያል።